የተላከልን ፓች ኮዳችን ውስጥ በትክክል እንዲገባ

እኔና ባልደረባዬ ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ የሂሳብ ፕሮግራም እንሠራለን። እሱ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው፣ እኔ አሞራ ገደል አካባቢ። ኢንተርኔት ሲጠፋ የቀየረውን ብቻ በፓች ፋይል (የኮድ ለውጥ ብቻ በተጻፈበት ፋይል) ያወጣና በፍላሽ ይዞልኝ ይመጣል።

ላኪው መጀመሪያ ለውጡን ኮሚት ያድርግ፤ ማለትም የኮድ ለውጥ በሚይዘው «ጊት» በተባለው ፕሮግራም ከመልእክት ጋር ያስመዝግበው። ከዚያ «ጊት ፎርማት-ፓች -1» (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፦ git format-patch -1) ይበል፤ የመጨረሻው ኮሚት ከነመልእክቱ ፋይል ሆኖ ይወጣለታል። በቴሌግራም ከሆነም እንደ ፋይል ይላከው። ውስጡን ኮፒ አድርጎ መላክ ጥሩ አይደለም፤ ታቡና ክፍት ቦታው ከተዛባ ፓቹ አልገባም ይላል።

ተቀባዩ ያልጨረሰውን ሥራ ኮሚት አድርጎ አዲስ ብራንች (ከዋናው ሥራ የተለየ የኮድ ቅርንጫፍ) ይክፈት።

ፓቹን ከማስገባታችሁ በፊት ከፍታችሁ አንብቡት። እንዲህ ያለ መስመር ታያላችሁ፦ @@ -40,7 +40,8 @@። በአሮጌው ፋይል ከ40ኛው መስመር ጀምሮ 7 መስመር ነበር፣ በአዲሱ 8 ሆኗል ማለት ነው። ከሥሩ የመቀነስ ምልክት ያለው መስመር ይወጣል፣ የመደመር ምልክት ያለው ይገባል። ምልክት የሌላቸው ያልተነኩ ጎረቤቶች ናቸው፤ በተለምዶ ከላይ 3፣ ከታች 3።

ብዙ ሰው ፓቹን የሚያስገባው መሣሪያ በመስመር ቁጥሩ የሚሄድ ይመስለዋል። ቁጥሩ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ብቻ ነው የሚጠቁመው። ቦታውን የሚያሳውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው። እኛስ ቤት ሲጠቁሙን የቤት ቁጥር ማን ይነግረናል? «ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ» ነው የምንባለው። ከላይ 20 መስመር ቢጨመር እንኳ ጎረቤቶቹ እስካሉ ድረስ ፓቹ ቦታውን ያገኘዋል።

አደጋው ሁለት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጎረቤት ሲኖር ነው። ፕሮግራማችን ውስጥ የምግብና የመኝታ ሂሳብ የሚሠሩ ሁለት ፈንክሽኖች (አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) ነበሩ። አንዱን ከሌላው ኮፒ ስላደረግሁት መስመሮቻቸው ይመሳሰላሉ። ከላይ አዲስ ኮድ ስጨምር የምግቡ ፈንክሽን ወደ ታች ወርዶ የመኝታው የነበረበት ቦታ አጠገብ ደረሰ። የባልደረባዬን ፓች ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1985 በጻፈው «ፓች» በተባለው ፕሮግራም አስገባሁት። ቦታውን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንዳገኘው በአንድ መስመር ነግሮኝ ነበር፤ ሳላነበው አለፍሁ። የመኝታው ቅናሽ ምግቡ ላይ ገባ። ለሦስት ቀን እንግዶች የተሳሳተ ደረሰኝ ተሰጣቸው፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ተመሳሳይ ኮድ ካለ ላኪው «ጊት ፎርማት-ፓች» ላይ «-ዩ10» (-U10) ይጨምርበት፤ ጎረቤቶቹ ከላይና ከታች 10 ይሆናሉ። እኔ አሁን ጊትን እመርጣለሁ። «ፓች» አንዳንድ ጎረቤቶች ባይገጥሙም በግምት ያስገባል፤ ጊት ግን ሁሉም ካልገጠሙ እምቢ ይላል። እምቢታው ይጠቅመኛል። ተመሳሳይ ቦታ ሲኖር ግን ጊትም ሊሳሳት ይችላል።

ቀጥሎ «ጊት አፕላይ --ቼክ» ብላችሁ የፋይሉን ስም ስጡት። ምንም ነገር ሳይነካ ይገባ እንደሆነ ይነግራችኋል። ዝም ካለ ይገባል። ከዚያ «ጊት ኤኤም -3» (git am -3) ብላችሁ ከፋይሉ ስም ጋር አስገቡት። ሦስቱ ቁጥር፣ ፓቹ በቀጥታ ካልገባ ጊት የጋራውን የድሮ ፋይል ፈልጎ እንዲያዋህድ ያደርገዋል። ከተወሳሰበባችሁ «ጊት ኤኤም --አቦርት» ወደነበራችሁበት ይመልሳችኋል። ሲገባ «ጊት ሾው» ብላችሁ የትኛው ፈንክሽን ውስጥ እንዳረፈ በዓይናችሁ እዩ።

ያው ፓች ሁለት ጊዜ ቢመጣስ? የኮሚቱን መለያ አታወዳድሩ። መለያው የሚሰላው ከእሱ በፊት ያለውን ኮሚትና ሰዓቱንም ጨምሮ ስለሆነ፣ ያው ለውጥ እናንተ ጋ ሲገባ ይቀየራል። «ጊት ፓች-አይዲ» ግን የመስመር ቁጥሩንና ክፍት ቦታውን ትቶ ከለውጡና ከጎረቤቶቹ መለያ ያወጣል። ሁለቱ ፓቾች አንድ ዓይነት መለያ ካወጡ ለውጡ ያው ነው። ብዙ ኮሚት ካለ «ጊት ቼሪ» ሁለቱን ብራንቾች አወዳድሮ፣ አስቀድመው የገቡትን በመቀነስ ምልክት ያሳያችኋል።