ልጄ ልምምድ ላይ ከወደቀች በኋላ

ልጄ የ15 ዓመት ሯጭ ናት። እየሮጠች ሳለ ድንገት ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች። «ውሃ ጠምቷት ነው» አሉን። እንዳትሰሟቸው! ሩጫ መሃል ራሱን የሳተ ልጅ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ሳይነሳ አይታለፍም። የእሷ ሎንግ ኪውቲ የሚባል የልብ ሕመም ሆኖ ተገኘ፤ ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ኤሌክትሪኩን ለማደስ ይዘገያል።

ቤታ ብሎከር የሚባል፣ ልብን የሚያረጋጋ መድኃኒት ታዘዘላት። ክኒኑን ከጥርስ ብሩሿ ጎን አኑሬዋለሁ፤ ስታኮርፈኝም ቆሜ አስውጣታለሁ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛት ለሐኪሟ እደውላለሁ፤ በደሟ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ሲወርድ ለልቧ አደጋ አለው። እንደ ኤሪትሮማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮችም ለእሷ አይሆኑም።

ወደ ሩጫ መመለሷን የልብ ሐኪሟ ይወስን። አሰልጣኙ ግን ዲፊብሪሌተሩ (ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው ማሽን) የት እንዳለ ይወቅ። ወድቃ መተንፈስ ካቆመች አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ ሌላው ማሽኑን ያምጣ፤ አሰልጣኙ ራሱ ደረቷን መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫን።