ለገጠር ቤት በሞባይል ዳታ ኢንተርኔት ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፒያሳ እስከ መርካቶ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሲም የሚገባበት ራውተር፣ ማለትም የሞባይል ዳታን ወደ ዋይፋይ የሚቀይር ዕቃ፣ ከሚገዙት ሰዎች መካከል ቀላል የማይባሉት ዕቃውን የሚፈልጉት ለራሳቸው ሳይሆን ገጠር ላሉ ወላጆቻቸው ወይም ዓመት በዓል ለሚያሳልፉበት የቤተሰብ ቤት ነው። የኬብል መስመር በማይደርስበት ቀበሌ የሞባይል ዳታ ብዙውን ጊዜ ያለው አማራጭ እሱ ብቻ በመሆኑ ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገሩ የሚበላሸው ውሳኔው ሁሉ አዲስ አበባ ላይ፣ ኔትወርክ በሞላበት ሰፈር ተቀምጦ የሚወሰን በመሆኑ ነው። ቤቱ ያለበት ቦታ ምን ያህል ኔትወርክ እንደሚይዝ የሚጠየቀው ዕቃው ተገዝቶ፣ በአውቶቡስ ተልኮ፣ እናት ደውለው «ልጄ፣ ያ ዕቃ ቀይ መብራት አብርቶ ቁጭ ብሏል» ካሉ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ራውተሩን ሱቅ ውስጥ ሞክሮ «ይሠራል» ብሎ መደምደም ነው። አዲስ አበባ 4ጂ ካገኘች ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የ5ጂ ሙከራም ከተጀመረባት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ በመሀል ከተማ የኔትወርክ ማማዎቹ እርስ በርስ እጅግ ተቀራርበው የቆሙ ስለሆኑ እዚያ የማይሠራ ራውተር ማግኘት ይከብዳል። በገጠር ግን አንድ ማማ በርካታ ኪሎ ሜትሮችን እንዲሸፍን ይጠበቅበታል፤ በመካከል አንድ ጋራ ካለ ደግሞ ከጋራው ጀርባ ያለው መንደር ከማማው ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ሳለ ምንም ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ዕቃው ያልተበላሸ መሆኑን ከማረጋገጥ ያለፈ ዋጋ የለውም። 5ጂ የሚል ጽሑፍ ላለበት ራውተር ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልም 5ጂ ላልደረሰበት ወረዳ ትርጉም የለውም። ከውጭ አገር የመጣ ያገለገለ ራውተር ሲሆን ደግሞ በአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን፣ እዚህ አገር ያለውን የ4ጂ ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል መሆኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት የስልኩን የኔትወርክ ምልክት በዓይን አይቶ «ሦስት መስመር አለው» ብሎ ማመን ነው። የእነዚያ መስመሮች ቁጥር እያንዳንዱ የስልክ አምራች እንደፈቀደ የሚያወጣው ስለሆነ የሁለት ስልኮች «ሦስት» አንድ ዓይነት አይደለም። እውነተኛው መለኪያ የኔትወርኩን ጥንካሬ የሚያሳየው ዲቢኤም (dBm) የሚባለው ቁጥር ነው፤ በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ስለ ስልኩ መረጃ በሚሰጠው የሴቲንግ ገጽ ላይ፣ የሲም ሁኔታ በሚለው ስር ይገኛል። ቁጥሩ ምንጊዜም ከዜሮ በታች ሲሆን ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን የተሻለ ነው። በ4ጂ ላይ ከ-90 የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በ-100 አካባቢ ይሠራል፤ ከ-110 በታች ከወረደ ግን ገጽ መክፈት እንኳን ትዕግሥት ይጠይቃል። ለበዓል አገር ቤት ሲሄዱ ስልኩን ይዘው በሳሎኑ፣ በጓዳው፣ በማድቤቱ በር እና በግቢው አጥር ጥግ ቆመው ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሳሎኑ -113 እያለ የማድቤቱ ጎን -98 ሆኖ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም 15 ዲቢ ማለት ከሠላሳ እጥፍ የሚበልጥ የኃይል ልዩነት ነው።

ይህንን ልኬት በአንድ ሲም ብቻ ማድረግም ሙሉ መልስ አይሰጥም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ምርጫው ሁለት ሆኗል፤ ይሁንና በከተማ የፈጠነው ኩባንያ በዚያ ቀበሌ ይኑር አይኑር የሚታወቀው የሁለቱንም ሲም ይዞ ሄዶ በመለካት ነው። ጎረቤት የትኛውን እንደሚጠቀም መጠየቅ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ መልሱም ከማንኛውም የሽፋን ካርታ ይልቅ የታመነ ነው።

አሁን ብዙ ቤት ውስጥ ወደሚታየው ስህተት እንምጣ፤ እሱም የራውተሩ አቀማመጥ ነው። ራውተር አዲስና ውድ ዕቃ በመሆኑ ክብር ይሰጠውና ሳሎን ገብቶ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቡፌ ላይ ይቀመጣል፤ አቧራ እንዳይነካው ደግሞ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ የአየር መውጫውን ሸፍኖ ዕቃውን ያግለዋል፤ የጋለ ራውተር ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ከዚህ የሚብሰው ግን ቦታው ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ብረት ስለሆነ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ ግድግዳውም በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ቤቱ በሙሉ የታሸገ ያህል ይሆናል። የጭቃ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክማል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋውም፤ በመስኮት በኩል የሚገባው ደግሞ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ርቀቶች መኖራቸውን መለየት ይጠቅማል፦ አንዱ ከማማው እስከ ራውተሩ፣ ሌላው ከራውተሩ እስከ ስልኩ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ እያሰበ ዋይፋዩ ለሁሉም ክፍል እንዲዳረስ ራውተሩን መሀል ቤት ያስቀምጠዋል። በገጠር ቤት ግን ችግሩ ያለው በመጀመሪያው ርቀት ላይ ነው። ራውተሩ መቀመጥ ያለበት በልኬቱ የተሻለ ቁጥር በተገኘበት፣ ማማው ባለበት አቅጣጫ በሚገኝ መስኮት አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ ዋይፋዩ እስከ ሳሎን አልደረስ ካለ በኔትወርክ ኬብል ሁለተኛ የዋይፋይ ዕቃ ማገናኘት ይቻላል፤ ይህ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይቀንስ ይሄዳል።

የውጭ አንቴና የሚገዙ ሰዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። አንቴናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀጭን ኬብል አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ተጎትቶ ሲወርድ፣ አንቴናው ላይ የተገኘው ጭማሪ ኬብሉ ውስጥ ያልቃል። የ4ጂ ራውተር የሚሠራው በሁለት አንቴና ስለሆነ አንድ ኬብል ብቻ ያለው አንቴና ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። አንዳንዱ ራውተር ጭራሹኑ ለውጭ አንቴና የሚሆን ቀዳዳ የለውም፤ ይህን ከመግዛት በፊት ጀርባውን ገልብጦ ማየት ይበቃል። አቅም ካለ ከሁሉ የሚሻለው ራውተሩ ራሱ ውጭ የሚሰቀል፣ ዝናብ የሚችል ዓይነት ሆኖ ወደ ቤት የሚገባው የኔትወርክ ኬብል ብቻ ሲሆን ነው። «ኔትወርክ ማጉያ» እየተባለ የሚሸጠውን ዕቃ ግን ያለ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ አለመትከል ይሻላል፤ ጥራት የሌለው ማጉያ ማማውን ራሱን አውኮ የመንደሩን ሁሉ ስልክ ሊያውክ ይችላል።

ወደ ዳታው ስንመጣ ትልቁ ስህተት በስልክ የለመዱትን ፍጆታ ለቤት መገመት ነው። በስልክ በወር ጥቂት ጊጋባይት የሚበቃው ሰው ቤት ውስጥ ስማርት ቴሌቪዥን ሲገናኝ ሒሳቡ ይፈርሳል። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊወስድ ስለሚችል፣ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ቢታይ በወር ወደ 90 ጊጋባይት ይጠጋል። ያው ቪዲዮ በ360 ጥራት ቢታይ ግን በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በታች ስለሚወስድ የወሩ ድምር ከ15 ጊጋባይት አይበልጥም። ለትንሽ የስልክ ስክሪን ልዩነቱ ብዙም አይታይም።

ከዚህም የከፋው ማንም ሳይነካው የሚያልቀው ዳታ ነው። ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሞባይል ዳታን ይቆጥባሉ፤ ዋይፋይ ሲያገኙ ግን «ነፃ ነው» ብለው ያስባሉ። ከሲም ራውተር የሚወጣው ዋይፋይ በውስጡ የሞባይል ዳታ መሆኑን ስልኩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ልጆች ከአዲስ አበባ ለበዓል መጥተው ስልካቸውን እንዳገናኙ፣ ፎቶዎቻቸው ሁሉ ወደ ጉግል መጫን ይጀምራሉ፣ አፕሊኬሽኖች በራሳቸው ይታደሳሉ፣ ቴሌግራም በየቡድኑ የተላከውን ቪዲዮ ሁሉ ያወርዳል፤ ላፕቶፕ ካለ ደግሞ የዊንዶውስ ማደሻ ብቻውን ጊጋባይቶችን ይበላል። ለወር የተሞላው ጥቅል በሁለት ቀን ሲያልቅ ወቀሳው በኩባንያው ላይ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተጠያቂው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ያንን ዋይፋይ ብቻ መርጦ የተገደበ ዳታ እንዳለው አድርጎ ማስተካከል፣ የቴሌግራምን በዋይፋይ በራሱ የማውረድ ፈቃድ መዝጋት፣ የፎቶ ምትኬውን ወደ ከተማ እስኪመለሱ ማቆም። ይህን ሁሉ ወላጆች ራሳቸው እንዲያደርጉት መጠበቅ ተገቢ ስላልሆነ፣ ዕቃውን የሚያስገባው ልጅ እዚያው እያለ መጨረስ አለበት።

የጥቅል አገዛዝም የራሱ ስህተት አለው። «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል አይቶ ዝርዝሩን ሳያነቡ መግዛት አይገባም፤ ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነት የሚቀንስ ከሆነ ያ መጠን ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ቢሆንም ማታ በጊዜ ለሚተኙ ወላጆች ከንቱ ነው። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል የሚላከው መልእክት ደግሞ የሚገባው ራውተሩ ውስጥ ወዳለው ሲም ነው፤ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ የሚያነበው ከሌለ ማንም አያየውም። ጥቅሉ አልቆ በሲሙ ላይ የካርድ ሒሳብ ካለ እሱም በውዱ ዋጋ ሊቆረጥ ስለሚችል በራውተር ሲም ላይ ትርፍ ብር አለማስቀመጥ ጥሩ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ ጥቅሉን አዲስ አበባ ያለው ልጅ በቴሌብር ወይም በ*999# በኩል በስጦታ ሊልክላቸው ይችላል፤ የሚያልቅበትን ቀን የሚከታተለውም እሱ ቢሆን ይመረጣል። ሲሙ የወጣው ማን ስም ላይ እንደሆነም መታወቅ አለበት፤ ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ ሲሙ የጠፋ ዕለት ምትክ ማውጣት ፈተና ይሆናል።

መብራት ያልታሰበበት ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል፤ ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ማማውም በመብራት የሚሠራ መሆኑን ነው፤ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ቢኖረውም መጥፋቱ ሲረዝም ኔትወርኩ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ለአጭር ጊዜ መጥፋት ግን ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ በቂ ነው፤ አብዛኞቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ የአዳፕተሩን ቮልት አንብቦ ተመሳሳይ መግዛት ያስፈልጋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል አዳፕተር ስለሚያቃጥል በሶኬቱ ላይ መከላከያ ማድረግም አይዘንጋ።

ፍጥነቱን ጠዋት ለክቶ «በጣም ጥሩ ነው» ማለት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። የአንድ ማማ አቅም ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ የሚከፋፈል በመሆኑ በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ወይም ሁሉም ከሥራ ገብቶ ስልኩን ከሚይዝበት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ጠዋት የታየው ቁጥር ወደ ጥቂት ሊወርድ ይችላል። ለመደበኛ ቀን የሚሆነውን የፍጥነት ልኬት በበዓል ሰሞን መውሰድም ያሳስታል፤ ያን ጊዜ የከተማው ልጅ ሁሉ እዚያው ማማ ስር ነው። ውጤቱንም ሲያነቡ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው በሜጋቢት መሆኑን ያስታውሱ፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 20 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ማውረድ ነው።

በመጨረሻ፣ ራውተሩን ካስገቡ በኋላ ለግቢው የደኅንነት ካሜራ ገዝተው ከአዲስ አበባ ሆነው ለመከታተል ያሰቡ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት አለ። በሞባይል ኔትወርክ ላይ በርካታ ተጠቃሚዎች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ባለሙያው በራውተሩ ሴቲንግ ላይ ከውጭ የሚያስገባ መንገድ («ፖርት») ከፍቶ ካሜራውን ከውጭ በቀጥታ ለማግኘት የሚያደርገው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። በአምራቹ አፕሊኬሽን በኩል የሚገናኝ ካሜራ መግዛት ነው የሚያዋጣው። እሱም ቢሆን ቀን ከሌሊት ምስል እንዲልክ ከተደረገ ጥቅሉን ይጨርሰዋልና፣ ቀረጻው እዚያው በሜሞሪ ካርድ ላይ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲሆን ከመሰቀሉ በፊት ይስተካከል።