የአንጋፋ ሠራተኞች ጭንቀት ለድርጅቱ የሚያስከትለው ወጪ እንዴት ይሰላል?

የጡረታ መውጫ የሆነው 60 ዓመት የተቃረባቸውን ሠራተኞች የመንፈስ ጭንቀት በሕመም ፈቃድ ብዛት ለመለካት የሚነሣ የሰው ሀብት ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው «ተጨንቄአለሁ» ብሎ የሐኪም ወረቀት ከማምጣት ይልቅ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው»፣ «ግፊቴ ተነሥቶ ነው» እያለ በሰዓቱ ፈርሞ ወንበሩ ላይ መገኘትን ይመርጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ በመሆናቸው፣ ልጆቹን ገና አስተምሮ ያልጨረሰ ሰው ቤት መዋልን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ስሌቱን በቀረባቸው ቀናት ሳይሆን በተገኘባቸው ሰዓታት ይጀምሩ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ወርኃዊ ደመወዙ 15,600 ብር የሆነ የሂሳብ ሠራተኛ አለ እንበል። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲታከል 17,316 ብር ይሆናል፤ ይህ በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ሲካፈል የአንዱ ሰዓት ዋጋ 83 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ይህ ሰው ድሮ አንዴ ደምሮ ይዘጋው የነበረውን ቫውቸር አሁን ሦስት ጊዜ እየደመረ፣ መሐል ላይም እስክሪብቶውን እንደያዘ በሐሳብ እየነጎደ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያጣ፣ የወሩ ኪሣራ ወደ 3,247 ብር ይደርሳል። አንድ ቀን ቢቀር ኖሮ በመዝገብ የሚታየው 666 ብር ብቻ ነበር።

የባከነውን ሰዓት በግምት አይሙሉት። ያለፉትን አራት ሳምንታት የሚመለከቱ 10 ጥያቄዎች ያሉትንና ውጤቱ ከ10 እስከ 50 የሚደርሰውን፣ የጭንቀትን መጠን የሚለካውን የኬስለር መጠይቅ ያስሞሉ (ውጤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጭንቀቱ ይበዛል)፤ «ከወትሮው ያነሰ የሠሩት ስንት ቀን ነው? በቀንስ ስንት ሰዓት?» የሚሉትንም ይጨምሩበት። ዝግታ ሁሉ ከጭንቀት ስለማይመጣ ከፍተኛ ውጤት ያገኙትን ከወጣቶች ጋር ሳይሆን፣ በተመሳሳይ ዕድሜና ሥራ ላይ ሆነው ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት ጋር ያነጻጽሩ፤ ወጪው ልዩነቱ ብቻ ነው። የጎደለው ሥራ በትርፍ ሰዓት ተሸፍኖ ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ የተከፈለውን ይያዙ እንጂ የባከነውን ሰዓት ደግመው አይደምሩ።

መጠይቁ ስም የሌለበትና በታሸገ ሳጥን የሚሰበሰብ ይሁን። እኔ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ቅጹን የሰበሰቡት የቅርብ አለቆች ነበሩ፤ አንጋፋዎቹ በሙሉ «በፍጹም አይሰማኝም» የሚለው ላይ ብቻ ምልክት አድርገው መለሱት።