የዳታቤዝ ኮኔክሽን ቅንብርን እንዴት በሥርዓት እንይዛለን?

ዓርብ ማታ ፕሮግራሙ ደህና ነበር። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ሲገባ ኤረር ወጣበት። ገጹን ሲያድሰው ሠራ። በሚቀጥለው ሰኞም እንደዚሁ ሆነ። አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ኮድ ስናገላብጥ ከረምን። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ ማናችንም ነክተነው የማናውቀው አንድ የኮኔክሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ ቅንብር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ዳታቤዝ፣ ማይኤስኪውኤል፣ አንድ ኮኔክሽን ለ28,800 ሰከንድ፣ ማለትም ለ8 ሰዓት፣ ሥራ ፈቶ ከተቀመጠ ራሱ ይዘጋዋል። ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) መዘጋቱን አላወቀም። ስለዚህ ክፍት መስሎት ለመጀመሪያው ሰው የሞተውን ኮኔክሽን ሰጠው። ሲወድቅበት ደግሞ ነቃና የያዛቸውን ሁሉ ጥሎ አዲስ ከፈተ። ሁለተኛው ሙከራ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ላይብረሪዎች የራሳቸውን ቅንብር ይዘው ይመጣሉ። ያ ቅንብር ለመጀመር ጥሩ ነው፤ የእናንተን ሰርቨር ግን አያውቀውም። እዚህ የምጠቅሰው የፓይተን ቋንቋውን ላይብረሪ፣ ኤስኪውኤል አልኬሚን ነው። በሌላ ቋንቋ የምትሠሩም ብትሆኑ ስማቸው ይለያይ እንጂ እነዚሁኑ ቅንብሮች ታገኟቸዋላችሁ።

1. አድራሻውን ከኮዱ አውጡት

ለመገናኘት አምስት ነገር ያስፈልጋል፦ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርቱ (የመግቢያ በሩ ቁጥር)፣ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚ ስም እና ፓስዎርድ። ፖርቱ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ብዙውን ጊዜ 5432፣ በማይኤስኪውኤል 3306 ነው። አምስቱንም ከኮዱ ውጪ፣ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሲስተሙ በሚያነበው እሴት) አስቀምጡ። ፓስዎርድ አንዴ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ) ውስጥ ከገባ በኋላ መስመሩን ማጥፋት አይበቃም። ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ያለው መፍትሔ ፓስዎርዱን መቀየር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚያደናቅፍ ጣጣ ልንገራችሁ። ፓስዎርዱ ውስጥ የ«አት» ምልክት (@) ካለና አድራሻውን በአንድ መስመር ከጻፋችሁት፣ ላይብረሪው ፓስዎርዱ የት እንዳለቀ ሊያምታታው ይችላል። በምልክቱ ቦታ %40 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የሚሻለው ግን አምስቱን ለየብቻ «ዩአርኤል ክሪኤት» ለሚባለው የላይብረሪው ፈንክሽን ሰጥቶ መስመሩን ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ነው።

2. ኢንጂኑን አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ፍጠሩ

ኢንጂን ማለት የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን በፑል (በጋራ ማስቀመጫ) ይዞ የሚያከራይ የላይብረሪው አካል ነው። አንዱ ሰው ሲጨርስ ኮኔክሽኑ አይዘጋም፤ ተመልሶ ለቀጣዩ ይቀመጣል። ኢንጂኑን በየጥያቄው የምትፈጥሩት ከሆነ ግን በየጥያቄው አዲስ ፑል እየሠራችሁ ነው። ጥቅሙ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፤ ሌላው ኮድ ከዚያ ይውሰድ።

ሰርቨራችሁ ፕሮግራሙን ጭኖ ካበቃ በኋላ ወደ ብዙ ፕሮሰስ (ለየብቻው ወደሚሠራ ቅጂ) የሚያባዛው ከሆነ፣ ከመባዛቱ በፊት የተከፈተ ኮኔክሽን ለተባዙት ፕሮሰሶች አይተላለፍ። ሁለት ፕሮሰስ በአንድ መስመር ሲያወራ የአንዱ መልስ ለሌላው ይደርሳል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ይክፈት።

3. የፑሉን መጠን አስሉ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ብዙ ሲስተም የሚወድቀው እዚህ ነው።

ኤስኪውኤል አልኬሚ ሁለት ቁጥር አለው። «ፑል ሳይዝ» 5 ነው። «ማክስ ኦቨርፍሎው» ደግሞ 10፤ ሥራ ሲበዛ ከ5ቱ በላይ ለጊዜው የሚጨመረው ማለት ነው። አንድ ላይ 15። ትንሽ ይመስላል፣ አይደል? ግን ይህ ለአንድ ፕሮሰስ ነው። 2 ሰርቨር ካላችሁና እያንዳንዱ 4 ፕሮሰስ ካስነሳ 8 ፕሮሰስ ሆነ። 8 በ15 ሲባዛ 120።

ፖስትግሬስ እንደመጣ የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው። ከዚያም 3ቱ ለዋናው አስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው። ለእናንተ የቀረው 97። በአዘቦት ቀን ምንም አይታይም። ሰው በበዛበት ቀን ግን ዳታቤዙ «ደንበኛ በዝቶብኛል» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ስለዚህ ከኋላ ተነሱ። ከ97 ላይ 17 ያህሉን ለጥገናና ለሌሎች ፕሮግራሞች ተዉ። 80 ይቀራል። ለ8 ሲካፈል ለአንዱ ፕሮሰስ 10 ይደርሰዋል። ፑል ሳይዝ 5፣ ማክስ ኦቨርፍሎው 5 አድርጉት። አዲስ ሰርቨር በጨመራችሁ ቁጥር ስሌቱን ድገሙት።

«ለምን 100ውን 500 አናደርገውም?» የሚል አይጠፋም። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ለብቻው ፕሮሰስ ያስነሳል፤ ሜሞሪም ይበላል። ፕሮሰሶቻችሁ በእውነት ብዙ ከሆኑ መሐል ላይ እንደ ፒጂባውንሰር ያለ አገናኝ ማስገባት ይሻላል።

4. የመጠበቂያ ጊዜውን አሳጥሩ

ፑሉ ሲሞላ ቀጣዩ ጥያቄ ተራ ይጠብቃል፤ እስከ 30 ሰከንድ። ስክሪን ላይ ለተቀመጠ ሰው 30 ሰከንድ ዘላለም ነው። ለድረ ገጽ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። ይህ ግን ሰርቨሩን ለማግኘት ከሚጠበቀው ጊዜ ጋር አንድ አይደለም። ያኛው ለድራይቨሩ፣ ማለትም ከላይብረሪው ሥር ሆኖ ከዳታቤዙ ጋር ለሚነጋገረው ኮድ፣ የሚሰጥ ሌላ ቅንብር ነው። ሳይኮፒጂ2 የሚባለው የፖስትግሬስ ድራይቨር ካልነገራችሁት በራሱ ገደብ አያደርግም። 5 ሰከንድ ስጡት።

5. የሞተ ኮኔክሽን እንዳይሰጥ አድርጉ

የእኛን ሰኞ የፈታው ይህ ነው። «ፑል ፕሪ ፒንግ» የሚባለውን አብሩ። ላይብረሪው ኮኔክሽኑን ከመስጠቱ በፊት «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካጣ ይጥለውና አዲስ ይከፍታል። የሚያስከፍለው አንድ ትንሽ ምልልስ ነው። እኔ ሁልጊዜ አበራዋለሁ። «ፑል ሪሳይክል»ን ደግሞ 1,800 ሰከንድ አድርጉት፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ የቆየ ኮኔክሽን በአዲስ ይተካል። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ሥራ መሐል ላይ የተቋረጠን ኮኔክሽን ፕሪ ፒንግ አያድነውም። ያንን ሥራ ከመጀመሪያው መድገም የእናንተ ኮድ ድርሻ ነው።

6. የወሰዳችሁትን መልሱ

ኮኔክሽን ስትወስዱ በፓይተን «ዊዝ» ብሎክ (ሲያልቅ የወሰደውን ራሱ በሚመልስ የኮድ ክፍል) ውስጥ ይሁን። ኤረር ቢፈጠርም እንኳ ይመለሳል። ፑሉ ሞላ የሚል ኤረር ስታዩ ቁጥሩን ለመጨመር አትቸኩሉ። ኮኔክሽን ወስዶ የማይመልስ ኮድ ካለ 15ቱን 50 ብታደርጉት ያው መውደቁ አይቀርም፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

ይህን ለማወቅ የምጠቀምበት ቀላል መንገድ አለ። በመሞከሪያ ሰርቨር ላይ ፑል ሳይዙን 1፣ ኦቨርፍሎውን 0፣ መጠበቂያውን 2 ሰከንድ አድርጉ። ከዚያ ገጾቹን አንድ በአንድ፣ ብቻችሁን ክፈቱ። አንዱ ገጽ 2 ሰከንድ ቆሞ ከወደቀ ሁለት ኮኔክሽን ባንዴ ይዟል፣ አለዚያም ከእሱ በፊት የከፈታችሁት ገጽ የወሰደውን አልመለሰም። መፈለግ የምትጀምሩት ከእነዚያ ሁለት ገጾች ነው።