ከደሴ ጀርመን ለምትመጡ፦ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዓመት

ደሴ ያደገ ሰው ብርድ አውቃለሁ ይላል። እኔም ክረምቱን ሙሉ የጦሳ ተራራ ጉም ደጃችን ላይ ሲተኛ እያየሁ ስላደግኩ በረዶ ምን ያመጣብኛል ብዬ ነው የመጣሁት። ብርዱስ በጃኬት ተቻለ። ያላሰብኩት ጨለማውን ነው። በታኅሣሥ በርሊን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት ገና 10 ሳይሞላ ነው። ክፍል የላችሁም እንኳ ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ውጡ፤ ዶርም ተኝቶ የዋለ ሰው ቀኑን ሳያየው ይመሻል።

ቤት በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻችሁን ለከተማው አስተዳደር ማስመዝገብ ግዴታ ነው። አንሜልዱንግ ይሉታል፤ ቀበሌ ሄዶ እንደ መመዝገብ ቁጠሩት። አከራዩ የሚፈርምባት ወረቀት ከሌለች ምዝገባ የለም፤ ምዝገባ ከሌለ የግብር ቁጥር አይመጣም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ይጓተታል። «እኔ ጋ እደሩ፣ አድራሻዬን ግን እንዳትጠቀሙ» የሚል ዘመድ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮም ቪዛው ሊያልቅ ሲል ሳይሆን እንደገባችሁ ነው የሚያዘው።

ስማችሁን ልመዱት። ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻ ያለው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛል፤ ስለዚህ ቢሮ ውስጥ የሚጠሩት አያታችሁ ናቸው። እኔ ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ሌላ ሰው መስሎኝ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

ሰዓቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ከእኛ የሰዓት አቆጣጠር ጋር ያለውን የስድስት ሰዓት ልዩነት ሁሉም ያውቀዋል። ጀርመኖች ግን «ሃልብ ኖይን» ሲሉ ዘጠኝ ተኩል ማለታቸው አይደለም፤ ወደ ዘጠኝ የሚወስደው ግማሽ ማለታቸው ነው፣ ስምንት ተኩል። እኔ በዚህች ቃል አንድ ሰዓት አርፍጄ የቢሮ ቀጠሮ አመለጠኝ፤ ሌላ እስካገኝ ሳምንታት ጠበቅኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተቃራኒው ፕሮግራሙ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ «c.t.» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ካሉ ትምህርቱ የሚጀምረው 15 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻችሁን ብትገኙ አብሽሩ፣ ይመጣሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፈተናው ነው። አገር ቤት ኩዊዝ አለ፣ አሳይመንት አለ፣ ሚድ አለ፤ ፋይናል ሲመጣ ግማሹ ነጥብ በእጃችሁ ነው። እዚህ ብዙ ኮርሶች ሙሉ ውጤታቸው በሴሚስተሩ መጨረሻ ባለ አንድ ፈተና ላይ ነው። በአብዛኛው ሌክቸር ላይ አቴንዳንስ አይያዝም፣ ለምን ቀራችሁ የሚል የለም። ይህ ነፃነት መጀመሪያ ደስ ይላል፣ በጥር ግን ያስከፍላል። ለፈተናው ራሱ በጊዜው በኦንላይን መመዝገብ አለባችሁ፤ ያልተመዘገበ አጥንቶ ቢመጣም አይቀመጥም። የተመዘገበ ሰው ከታመመ የሐኪም ወረቀት ቶሎ ያስገባ፣ አለበለዚያ እንደወደቀ ይቆጠራል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ፈተና መሞከር የሚቻለው ሦስት ጊዜ ነው። በግዴታ ኮርስ ሦስተኛውም ካልተሳካ ከትምህርቱ ትሰናበታላችሁ፤ ያንኑ ትምህርት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ መቀጠልም ይዘጋል።

ውጤቱ ከ1.0 እስከ 5.0 ነው፤ 1.0 ምርጡ፣ 4.0 ማለፊያው፣ 5.0 ውድቀት። እኔ 1.7 አመጣሁ ብዬ በደስታ ስደውል አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው «አይዞህ ልጄ፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ። ከመደወላችሁ በፊት አስረዱ።

የወደቅኩት ኮርስ ግን ነበረ፤ የጣለኝ ደግሞ ትምህርቱ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። አስተማሪ ፊት ቀና ማለት ነውር ነው ተብለን ያደግን ልጆች ነን፤ ያልገባንን ይዘን ዝም እንላለን፣ ሲጠይቁን ገብቶናል ብለን አንገት እንነቀንቃለን። እዚህ ዝም ያለ ሰው እንደገባው ነው የሚቆጠር። ፕሮፌሰሮቹ ሽፕሬኽሽቱንደ የሚባል የተማሪ ማነጋገሪያ ሰዓት አላቸው፤ ኢሜይል ጽፋችሁ ሂዱ፣ ማንም አስቸገራችሁኝ አይልም። የየትምህርት ክፍሉ የተማሪ ማኅበር ፋክሻፍት ይባላል፤ ብዙዎቹ የቆዩ ፈተናዎችን ሰብስበው ለጠየቀ ይሰጣሉ። የታረመ ወረቀታችሁንም አይታችሁ የተሳሳተ ነጥብ ካለ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት በሁለተኛው ሴሚስተር፣ አንዲት ቬትናማዊት የክፍሌ ልጅ እጄን ይዛ ከወሰደችኝ በኋላ ነው።

ገንዘቡን ባጭሩ ልበል። ለቪዛ የምታስይዙት 11,904 ዩሮ በወር 992 እየሆነ ነው የሚለቀቅላችሁ። ኪራይ፣ ከመቶ ዩሮ በላይ የሆነው የጤና መድን፣ ምግብ፣ ሁሉም ከእሱ ይወጣል። ሥራ የተፈቀደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። ይህን ሂሳብ ለቤተሰብ ከመምጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ንገሩ፤ ለዱኣ የተቀመጡበት ቀን ጥሩ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሰማል። ከመጣችሁ በኋላ «ላክልን» ሲባል ማስረዳት ከባድ ነው።

ቡና። ዶርም ውስጥ እንዳትቆሉ፣ ዕጣንም እንዳታጨሱ። ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ መጠቆሚያ ቀልድ አታውቅም። እኛ አንድ ዒድ ላይ ቆልተን ሕንፃው ሙሉ በፒጃማ ደጅ ወጣ፣ የእሳት አደጋ መኪናም መጣ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ተቆልቶና ተወቅጦ የመጣ ቡና ነው የምናፈላው። ጀበናውን በጋቢ ጠቅልላችሁ ከእጅ ሻንጣ አታውጡት፣ ስኒ ደግሞ ስድስት ያዙ። ያን ቀን በፒጃማ የወጡት ጎረቤቶቻችን ሽታው ምን እንደነበር ሊጠይቁን መጡ፤ ቬትናማዊቷ ልጅም ከእነሱ አንዷ ነበረች፣ በረካ እስኪደርስ ተቀምጣለች።