የእጅ ወረቀትና ፌልት ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ወረቀትና ፌልት (የበግ ጸጉር በሙቅ ውሃና በሳሙና ታሽቶ የሚሠራ ጨርቅ) በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢሠሩም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ወረቀት ይቅር ባይ ነው። ካልደረቀ የተበላሸውን ወደ ሳፋው መልሳችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። ከደረቀም ቀዳዳችሁ ትዘፈዝፉታላችሁ። ፌልት እንዲህ አይደለም። የበግ ጸጉር ላይ በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች አሉ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ይከፈታሉ፤ ሲታሹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከተያያዙ በኋላ የሚያላቅቃቸው የለም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ደፈር በሉ፤ ፌልት ላይ ግን ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ፈትሹ። አዲስ አበባ ባለችው ትንሽ ስቱዲዮአችን ተማሪዎች ደጋግመው የሚያመጧቸው ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

ወረቀቱ ሲነሳ ይቀደዳል፣ ይሳሳል፣ ይበሳሳል

መጀመሪያ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት።

ከዳር እስከ ዳር ከሳሳ ሳፋው ውስጥ ያለው ፐልፕ (በውሃ የተፈጨው የወረቀት ልቁጥ) አንሷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ሲወጣ ፐልፑን ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ግን ብዙም አይጎድልም። ሦስት አራት ወረቀት ባወጣችሁ ቁጥር አንድ ጆግ ፐልፕ ጨምሩ። ፍሬሙን (ወንፊት የተወጠረበትን የወረቀት ማውጫ) ከማስገባታችሁ በፊትም ሳፋውን በእጃችሁ ከሥሩ አማስሉት። ፐልፕ ይዘቅጣል። ትንሽ ስታወሩ ከቆያችሁ እንኳ ታች ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

አንዱ ጎን ወፍሮ ሌላው ከሳሳ ፍሬሙ ሲወጣ አዘንብሏል። ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ውሃው እየወረደ ሳለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። የላዩ ውሃ ወርዶ ማብረቅረቁ ሲቆም እጃችሁም ይቁም። ከዚያ በኋላ መነቅነቅ ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል።

ብርሃን የሚያሳልፉ ክብ ክብ ነጠብጣቦች ካያችሁ ጥፋቱ የፐልፑ አይደለም። ከእጃችሁ ወይም ወንፊት ሳይኖረው ከላይ ከሚደረበው ባዶ ፍሬም የወደቀ የውሃ ጠብታ ነው። ጠብታው ገና ያልጠነከረውን ፐልፕ ወደ ዳር ይገፋዋል። ላይኛውን ፍሬም ስታነሱ ወደ ጎን ሳብ አድርጉት። እጃችሁንም ሳፋው ላይ አራግፉ።

የተጓጎለ ወይም ፊደል የሚነበብበት ቁራጭ የሚወጣው ወረቀቱ በደንብ ሳይዘፈዘፍ ወደ ብሌንደር ስለገባ ነው። ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ብሌንደሩን በወረቀት አታጭቁት። ውሃው ይብዛ፣ ወረቀቱ በጣት የሚቆነጠር ያህል ይሁን። ልኩን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ፐልፕ ውሃ በያዘ የጠርሙስ ብርጭቆ ውስጥ በጥብጡና በብርሃን እዩት። ወጥ የሆነ ጉም ከመሰለ ደርሷል። ክትፍትፍ ከታየ ይመለስ።

ከወንፊቱ አልላቀቅ ይላል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ጨርቅ ነው። ወረቀቱ የሚገለበጥበት አቡጀዲ ረጥቦ የተጨመቀ መሆን አለበት። እርጥብ ወረቀት ወደ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚሄደው። ወንፊቱን ጨርቁ ላይ ገልብጡና ከጀርባው በስፖንጅ ተጫኑት፤ ስፖንጁን እየጨመቃችሁ ውሃው እስኪያልቅ ደጋግሙ። ከዚያ አንዱን ጠርዝ ብቻ ቀስ ብላችሁ አንሱ። መሃሉ ከቀረ መልሱትና እንደገና ተጫኑት። ወንፊቱ ፍሬሙ ላይ ከረገበ ግን መጫኑ ዋጋ የለውም፤ እንደ ከበሮ ተወጥሮ እንደገና ይመታ።

ሲደርቅ ይጣመማል

በበጋ ይህ የሁሉም ሰው ችግር ነው። የአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ ጠርዙን ቀድሞ ያደርቀዋል፤ መሃሉ ገና እርጥብ ነው። ወረቀት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቀድሞ የደረቀው ሌላውን ይጎትተዋል። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጨምቃችሁ ካወጣችሁት በኋላ ከነእርጥበቱ መስታወት ወይም ለስላሳ ጣውላ ላይ ለጥፋችሁ ጥላ ውስጥ ተዉት። ሲደርቅ ራሱ ይላቀቃል። በመስታወቱ በኩል ያለው ፊቱ ደግሞ ልስልስ ብሎ ይወጣል። የተጣመመውንም አትጣሉት። ውሃ እፍ እፍ አድርጉበትና በጨርቅ መሃል አስገብታችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት፤ ጨርቁን በየቀኑ ቀይሩ።

በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። መድረቅ ይዘገያል፣ ሻጋታ ይመጣል። በዚያ ጊዜ ወፍራም ወረቀት አትሥሩ። ሲደርቅ አየር እንዲያገኝም ክፍሉን ክፈቱት። የሸተተ ፐልፕ ካለም ሳትሳሱ ድፉት። ትርፍ ፐልፕ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ጨምቃችሁ በኳስ መልክ አድርቁት። በምንም መንገድ ግን ወደ ቧንቧ አትልቀቁት። የሳፋውን ውሃ በአቡጀዲ አጥልላችሁ ድፉ፤ አለበለዚያ ፐልፑ ቱቦው ውስጥ ተጠራቅሞ ይዘጋዋል።

ቀለም ሲነካው ይሰራጫል

ብራና ላይ በመቃ ብዕር መጻፍ የለመደ ሰው የእጅ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ይደነግጣል። መስመሩ ተሰራጭቶ ጸጉር ያወጣል። እንዲህ የሚሆነው ወረቀቱ ቀለም እንዳይጠጣ የሚከላከል ነገር ስላልተቀባ ነው። 20 ግራም ጄላቲን በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ። ሲያብጥ ወደ 1 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ ጨምሩት፤ አታፍሉት። በደንብ የደረቀውን ወረቀት ትሪ ላይ ባለው ውህድ ውስጥ አሳልፋችሁ እንደገና አድርቁ። ሥጋ ነክ ነገር የማይፈልግ ሰው የበሰለ የበቆሎ ስታርች ፐልፑ ውስጥ ሊጨምር ይችላል። ከጄላቲን ግን ደከም ይላል።

በወራት ውስጥ ቢጫ የሚሆን ወረቀት ደግሞ ከጋዜጣ የተሠራ ነው። ጋዜጣ ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር አለበት፤ ብርሃን ሲያገኘው ይቀየራል። ሊቀመጥ ለሚገባው ሥራ የቢሮ ወረቀት ወይም የጥጥ ብጥስጣሽ ተጠቀሙ።

የእንሰት ቃጫው እንደ ገመድ ቀረ

ቃጫ የሚያምር ጠንካራ ወረቀት ይወጣዋል። ያለ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ግን አይበገርም። ጣት በምታህል ርዝመት ቆራርጣችሁ አሳድሩት። ከዚያ በደረቁ ከተመዘነው ቃጫ 20 በመቶ ያህል ሶዳ አሽ ጨምራችሁ ቀቅሉ። አንድ ክር አውጥታችሁ ስትስቡት በጣቶቻችሁ መሃል ያለ ጉልበት ከተለያየ በስሏል። መጽሐፍ ላይ 2 ሰዓት የተባለው እዚህ ላይበቃ ይችላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሰዓቱን ሳይሆን ክሩን እመኑ።

አደራ፣ የአሉሚኒየም ድስት አይሁን። ሶዳው ይበላዋል። አይዝጌ ብረት ወይም ሸክላ ቅብ ድስት ያስፈልጋል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ የማጠቢያው ውሃ እስኪጠራ፣ በጣት መሃልም ማሟለጩ እስኪቀር እጠቡት።

ፌልቱ አልያያዝ አለ

መጀመሪያ የያዛችሁት የእውነት የበግ ጸጉር መሆኑን አረጋግጡ። ሱፍ ተብሎ የሚሸጥ ክር ሁሉ ከበግ አይደለም። ትንሽ ቁራጭ በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉ። ጸጉር ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ እሳቱ ሲርቅም ራሱ ይጠፋል፤ አመዱ በጣት ይደቃል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። አክሪሊክን ቀኑን ሙሉ ብታሹት ፌልት አይሆንም። በልብስ ማጠቢያ ማሽን ይታጠባል የሚል ምልክት ያለው የሱፍ ክርም እንደዚያው ነው። ቅርፊቱ እንዳይያያዝ ተደርጎ የተሠራ ነው።

የመንዝ በግ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ባናና በርኖስ የሚሠራበት ይህ በግ ሻካራ ረጅም ጸጉርና ከሥሩ ለስላሳ ሱፍ አለው። ሻካራው ብዙም አይያያዝም። ስታባዝቱ ረጃጅሙን ለቅማችሁ አውጡ፤ የቀረው ለምንጣፍ፣ ለጫማ ሶልና ለትራስ ግሩም ነው። ለአንገት ልብስ ግን ይኮሰኩሳል፤ ለዚያ ሜሪኖ የተባለው በግ ለስላሳ ሱፍ ይሻላል። ያልታጠበ ጸጉር ቅባቱ ውሃ አላስገባ ስለሚል አስቀድሞ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ሳይታሽ ይዘፍዘፍ።

ጸጉሩ ትክክለኛ ሆኖ ካልያዘ ሳሙናውን እዩ። አረፋው እጃችሁን ከደበቀ በዝቷል፤ ጸጉሩ ሳይነካካ ይንሸራተታል። በፎጣ ምጠጡት፣ ጥቂት ሙቅ ውሃ ጨምሩበት። የአጎበር ጨርቅ ከላይ አልብሳችሁ መጀመሪያ ያለ ጉልበት አሹት። ከዚያ ቆንጥጡት። ጸጉሩ ብቻውን ብድግ ካለ ገና ነው። ሙሉው አብሮ ከተነሳ በሰሌን ጠቅልላችሁ ማንከባለል ትችላላችሁ። በየጊዜው ፈትታችሁ አቅጣጫውን አዙሩት፤ በአንድ በኩል ብቻ ከተንከባለለ በዚያው በኩል ብቻ ይኮማተራል።

ቀዳዳ አለው፣ ጠበበ፣ ፊትና ጀርባው ተጣበቀ

ቀዳዳው ጸጉሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከመነጠፉ ነው። ስስ ስስ አድርጋችሁ አንዱን ሽፋን በቁሙ፣ ቀጣዩን በአግድሙ ንጠፉ። ገና ሳይጠነክር ካያችሁት ከላዩ ትንሽ ጸጉር ጨምሩና አሹት። ከጠነከረ በኋላ ግን የሚይዘው የፌልት መርፌ (ጸጉሩን እየወጋ የሚያያይዝ ጥርስ ያለው መርፌ) ብቻ ነው።

ስለ መጥበብ፦ ፌልት ከስፋቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊያጣ ይችላል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦርሳ ከፈለጋችሁ ቅዱን 30 ገደማ አድርጉት። ጸጉሩ ከተለያየ በግ ከመጣ መጀመሪያ ትንሽ ካሬ ሞክሩና ለኩ። የጠበበው ገና እርጥብና ሙቅ ከሆነ በእጅ ጎትታችሁ ጥቂት ታሰፉታላችሁ፤ ከደረቀ እንደዚያው ነው።

የቦርሳው ሁለት ፊት የተጣበቀው እንዳይያያዙ መሃላቸው የሚገባው ላስቲክ ቶሎ ስለወጣ ወይም ስላነሰ ነው። ሁለቱም ፊቶች የቁንጠጣውን ፈተና እስኪያልፉ ላስቲኩ አይውጣ።

ሲያልቅ ሳሙናው ተጣርቶ ይውጣ። የመጨረሻው መለቅለቂያ ላይ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጣል አድርጉ፤ ሳሙና ውስጡ ቀርቶ ጸጉሩን እንዳይጎዳው።

የፌልት መርፌ ይሰበራል

በገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ካልወጣ ይሰበራል። ገብቶ ሳለ ማጣመም፣ ከሥሩ ስፖንጅ ሳያነጥፉ ጠረጴዛ ላይ መውጋት ነው የሚሰብረው። ከተሰበረ ሥራው ይቁም፤ ጫፉ ይፈለግ። ማግኔት አስጠጉና ፈልጉ። የልጅ አሻንጉሊት እየሠራችሁ ከሆነና ጫፉ ካልተገኘ ለልጅ አይሰጥም።