ወደ ሩሲያ የሚሄድ ሐበሻ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሩሲያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ ነው። ወፍራም ጃኬት ይገዛል፣ ቦት ጫማ ይገዛል፣ በቃ ተዘጋጀሁ ብሎ ይሄዳል። ስለ ሰዉ ብዙም አይጠይቅም። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ገናን እንደኛ ያከብራሉ፣ በደርግ ጊዜ ስንቱ የአገራችን ሰው እዚያ ተምሮ መጥቷል። ስለዚህ የምናውቃቸው ይመስለናል። ጉድ የሚሠራን ደግሞ ጭራሽ ከማናውቀው ይልቅ ይሄ የእኛን የሚመስለው ነገር ነው።

አንዱን ሰው ደጋግሞ ሰላም ማለት

እኛ ጋ ጠዋት ሰላም ያልነውን ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ስናገኘው እንደገና ሰላም እንላለን። ዝም ብሎ ማለፍ ኩርፊያ ያስመስላል። ሩሲያ ውስጥ ሰላምታ በቀን አንዴ ነው። ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር ጠዋት «ዝድራስትቩይትዬ» ከተባባላችሁ ለዕለቱ አለቀ። ከሰዓት ኮሪደር ላይ ብትደግሙት ግር ይለዋል። «ጠዋት ሰላም ተባብለን አልነበር እንዴ?» ይላችኋል። በእሱ ዓይን ጠዋት ያገኛችሁትን ሰው ረስታችሁታል። ለሁለተኛው ጊዜ ራስ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

«እንዴት ነህ? ቤተሰብ? ልጆች? ሥራ?» እያሉ ማዝነብም አይሠራም። እዚያ «እንዴት ነህ» ለሚያውቁት ሰው የሚቀርብ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከጠየቃችሁ ስለ ወገብ ሕመሙም፣ ስለ አለቃውም ቁጭ ብላችሁ ለመስማት ተዘጋጁ።

ፊት አይቶ መቀየም

የሱቋ ገንዘብ ተቀባይ ፈገግ ካላለች ተቆጥታባችሁ አይደለም፤ ቆዳችሁንም አይታ ላይሆን ይችላል። ያለ ምክንያት መሳቅ የሞኝ ምልክት ነው የሚል ተረት አላቸው። ፈገግታ ለሚያውቁት ሰው ነው። ደግሞ ብሩን እጇ ላይ ለማስቀመጥ አትሞክሩ። ባንኮኒው ላይ ትንሽ ሰሃን አለች፤ እዚያ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ መልሱንም ብዙ ጊዜ ከዚያው ታነሳላችሁ።

ቤተ ክርስቲያናቸውን የእኛው ነው ብሎ መግባት

ሞስኮ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ያለ ሰው ካያችሁ ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም። እነሱ በጫማቸው ነው የሚገቡት። ጫማ የሚያወልቁት ሰው ቤት ሲሄዱ ነው። ባለቤቱ «ታፖችኪ» የሚሉትን የቤት ነጠላ ጫማ ያቀርብላችኋል፤ እምቢ ማለት ያስገምታል። በጫማ ምንጣፍ ላይ መራመድማ አይታሰብም።

ማማተቡም ይለያል። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምናማትበው። እነሱ ሦስት ጣት ገጥመው ከቀኝ ወደ ግራ ያማትባሉ። በራሳችሁ መንገድ ብታማትቡ የሚቆጣችሁ የለም፣ አሮጊቶቹ ግን ማየታቸው አይቀርም። ሴቶች ፀጉር ይሸፍናሉ፤ እዚህ ላይ ነጠላዋን ይዛ የሄደች ሴት ምንም አይጎድልባትም።

ከባዱ ስህተት ቁርባን ላይ ነው። ሁለቱም ኦርቶዶክስ ይባሉ እንጂ ከ451 እ.ኤ.አ. የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን አንድ አይደሉም። ገብቶ ማስቀደስ፣ ሻማ ማብራት፣ መጸለይ ይቻላል። ጾሜን ጾሜያለሁ ብሎ ዝም ብሎ ወደ ቁርባኑ መጠጋት ግን አይሆንም። ቀድማችሁ ካህኑን አናግሩ።

ገናን ትልቁ በዓል አድርጎ መጠበቅ

ጥር 7 በእነሱ አቆጣጠር፣ ታኅሣሥ 29 በእኛ፣ ገና ነው። ቀኑ ስለገጠመ ዶሮ ወጥ ሠርቶ ጎረቤት የሚጠራ አለ። ይጥራ፣ ምንም ክፋት የለውም። ግን ጎረቤቱ ያን ጊዜ ዋናውን ድግስ ጨርሶ ተኝቷል። ዛፉም፣ ስጦታውም፣ እስኪነጋ መብላቱም ለአዲስ ዓመት ሌሊት ነው። ነገሩ የመጣው ከሶቪየት ዘመን ነው። መንግሥት ገናን አጥፍቶ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ዛፉ ሲፈቀድ የአዲስ ዓመት ዛፍ ተብሎ ተመለሰ። ገና ራሱ ሕዝባዊ በዓል ሆኖ የተመለሰው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ሰዉ አዲስ ዓመትን የቤተሰብ በዓል አድርጎት ቀረ።

ጥምቀትም ብዙ ጊዜ ቀኑ ይገጥማል፣ ጥር 19 በእነሱ። ጃንሜዳ ላይ ውሃ ሲረጭብን «ኧረ በረደኝ» የምንል ሰዎች እዚያ ቀዳዳ በተበሳ በረዶ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጥልቅ ብለው የሚወጡትን ብናይ ይሻላል። ሞቅ ብሏችሁ አብራችሁ ልትዘሉ ካማራችሁ፣ ልባችሁና የደም ግፊታችሁ ጤናማ መሆኑን ቀድማችሁ እወቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በዓሉ ሳይደርስ ቀናት ቀድመን «እንኳን አደረሰህ» እንላለን። ልደት ላይ ይህን እንዳታደርጉ። ከቀኑ በፊት መልካም ልደት ማለት ገድ የለውም ይላሉ። ዘግይቶ ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ማለት ያስደነግጣቸዋል።

በማዕረግ መጥራት

የአባት ስም እንዴት እንደሚሠራ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም ትላላችሁ። ያስፈልጋል። እኛ ለማክበር «ዶክተር አበበ» እንላለን፣ የአባቱን ስም አንጨምርም። እነሱ ጋ አክብሮቱ ያለው የአባቱ ስም ውስጥ ነው። መምህራችሁ ኢቫን፣ አባቱ ፒዮትር ከሆኑ «ኢቫን ፔትሮቪች» ብላችሁ ትጠሯቸዋላችሁ። እህታቸው አና ካሉ ደግሞ «አና ፔትሮቭና» ናቸው። «ፕሮፌሰር ኢቫን» ብትሉ ክፍሉ ይስቃል። ከትልቅ ሰው ጋር እንደኛው «እርስዎ» ነው፤ ወደ «አንተ» እንውረድ የሚለውም ታላቁ ነው።

ቅጽ ስትሞሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስም፣ የአባት ስም የሚሉ ሦስት ቦታዎች አሉ። ሐበሻው «የአባት ስም» የሚለውን ሲያይ ደስ ይለውና የአባቱን ስም ይጽፋል። ፓስፖርቱ ላይ ግን የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ቦታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ ያልተረዳችሁትን ቦታ ባዶ ተዉትና ጠይቁ። አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ ሌላ ከሆነ በኋላ ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው።

ሰልፍ የለም ብሎ መግባት

የሕዝብ ክሊኒክ ሄዳችሁ እንበል። ኮሪደሩ ላይ አሥር ሰው ተበታትኖ ተቀምጧል። አንዷ ሹራብ ትሠራለች፣ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ በሩ ላይ የቆመ የለም። ሰልፍ የለም ብላችሁ በሩን ብትከፍቱ አሥሩም ይጮኹባችኋል። ሰልፉ አለ፣ በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። እንደገባችሁ ጮክ ብላችሁ «ክቶ ፖስሌድኒ?» በሉ፤ የመጨረሻው ማነው ማለት ነው። አንዱ እጁን ያነሳል። መልኩን ያዙ፣ ከእሱ ቀጥሎ ናችሁ። ቀጣዩ ሰው መጥቶ ሲጠይቅ እጅ የምታነሱት እናንተ ናችሁ። ከዚያ በኋላ ውጭ ደርሳችሁ ብትመለሱም ተራችሁ አይጠፋም፣ ከኋላችሁ ላለው ሰው ነግራችሁ ከሄዳችሁ። አንዳንዴ «አንድ ነገር ልጠይቅ ብቻ ነው» የሚል ይመጣና ገብቶ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። ይህንንስ ከአገራችንም እናውቀዋለን።

አበባ ቆጥሮ አለመግዛት

ለሰው የሚሰጥ አበባ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፦ 3፣ 5፣ 7። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ለመቃብር ነው። ይህን ቀልድ አድርጋችሁ አትዩት፤ አራት ጽጌረዳ የተሰጣት ሴት አንዷን አውጥታ ለብቻዋ ስታስቀምጥ ታያላችሁ። ቢጫ አበባም የመለያየት ነው የሚሉ አሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ለሻጯ ለምን እንደምትፈልጉት ንገሯት።

እንግድነት ላይ

ባዶ እጅ አይኬድም፤ ኬክ ወይም ቸኮሌት ይበቃል። በሩ መቃን ላይ ቆማችሁ እጅ አትዘርጉ። ወይ እናንተ ግቡ፣ ወይ እሱ ይውጣ። በመድረኩ ላይ መጨባበጥ ጠብ ያመጣል ይላሉ። ጓንትም አውልቁ። የተጠጣ ጠርሙስ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛው ላይ አይቆይም፣ ወለል ላይ ይወርዳል። ለሟች መታሰቢያ ሲጠጣ ብርጭቆ አይጋጭም።

ቤት ስትከራዩ

ምድር ቤቱን እነሱ አንደኛ ፎቅ ይሉታል። «ሁለተኛ ፎቅ» ያሏችሁ የእኛ አንደኛ ነው። ሙቀቱ ለብዙው ሕንፃ ከማዕከል ስለሚመጣ በራሳችሁ ማስተካከል ብዙ ጊዜ አይቻልም። ውጭ ከዜሮ በታች 20 ሆኖ መስኮት የተከፈተ ቤት ብታዩ ሰዎቹ አላበዱም፣ ውስጡ ነዷል። በጋ ላይ ደግሞ ቧንቧው እስኪፈተሽ ሙቅ ውሃ እስከ 14 ቀን ሊጠፋ ይችላል። ማስታወቂያው መግቢያው በር ላይ ይለጠፋል። አከራያችሁን አትጨቅጭቁ፤ እሷም በድስት እያሞቀች ነው የምትታጠበው።

መንገድ ላይ የማታውቋት ባቡሽካ (አሮጊት) «ኮፍያህስ?» ወይም «ከሲሚንቶው ላይ ተነሺ፣ መውለድ ያቅትሻል» ብላ ብትቆጣችሁ አትመልሱላት። ስድብ አይደለም። የእኛ ሰፈር እትዬም እንዲሁ ነበር የሚሉን። «እሺ» ብላችሁ ኮፍያውን አድርጉ።